በሩ ወዴት ያወጣል? ስለ አንዲት ትንሽ የእርሻና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት

ባለፈው የገና ሰሞን እኛ ቤት እንግዶች ነበሩ። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ ወሬው እንደተለመደው ከአገር ቤት ፖለቲካ ወደ ልጆች ትምህርት ዞረ። የአንዱ ልጅ ለሕክምና እየተዘጋጀ ነው፤ የሌላዋ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ገብታለች። ከእንግዶቹ መካከል በዕድሜ የሚበልጡን አንድ አባት ወደ አሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ዞር ብለው «አንቺስ የኔ ልጅ፣ ስታድጊ ምን ልትሆኚ ነው?» አሏት። እሷም በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ «ብየዳ መማር እፈልጋለሁ። ስለ ላሞችም» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ልጄ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ከቤታችን አርባ ደቂቃ ያህል በመኪና ርቃ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ቻርተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ማመልከቻ ነበር። ትምህርት ቤቷ የምታስተምረው ከመደበኛው ትምህርት ጋር እርሻ፣ ብየዳ፣ አናጢነትና ኤሌትሪክ ነው። በወረቀቱ ግርጌ የወላጅ ፊርማ የሚል ባዶ መስመር አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የዚያ ባዶ መስመር ውጤት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ለምትኖሩና ነገሩ ላልገጠማችሁ፣ ቻርተር ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ተማሪን በፈተና መርጦ አይቀበልም፤ አመልካቹ ከቦታው ከበዛ ዕጣ ይጣላል። ልዩነቱ የሚያስተዳድረው የአካባቢው የትምህርት ቦርድ ሳይሆን ራሱን የቻለ የትምህርት ቤቱ ቦርድ መሆኑ ነው። ቦርዱ ፈቃድ ከሰጠው አካል ጋር ውል ይፈራረማል፤ ውሉን ካላሟላ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። የመጀመሪያው የቻርተር ሕግ የወጣው እኔ በምኖርበት በሚነሶታ በ1991 ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤትም ሲቲ አካዳሚ ይባላል፤ በ1992 ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ትምህርት አቋርጠው ለነበሩ ወጣቶች ተከፈተ። ዛሬ ይህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት በመላው አሜሪካ በሺህ ይቆጠራል። ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ እዚህ ልገባበት አልፈልግም።

ትምህርት ቤቷን ለማየት አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድን። ከውጭ ስትታይ መጋዘን ትመስላለች፤ ድሮም መጋዘን ነበረች። ከኋላ ሁለት ግሪንሃውስ፣ የፍየሎች በረትና ጥቂት ቀፎዎች አሉ። የተማሪዎቿ ቁጥር ከሁለት መቶ አይበልጥም፤ ርእሰ መምህርቷ የሁሉንም ስም ታውቃለች። አናጢነት ክፍል ውስጥ ሁለት ልጃገረዶች የጣሪያ ማገር ርዝመት ያሰላሉ። በሒሳብ ክፍል ብዙ ልጆች የሚያዛጉበትን የፓይታጎረስን ሕግ እነሱ ተጨቃጭቀውበታል፤ ምክንያቱም የተሳሳተው እንጨቱን ያበላሻል።

እኔን ግን ያስቆመኝ የብየዳው ክፍል ነው። ተማሪው ሁለት ብረት ከበየደ በኋላ መምህሩ ማርክ አይሰጠውም። ከብየዳው ላይ ቀጭን ቁራጭ ያስቆርጠዋል፤ ቁራጩ በማጠፊያ ማሽን እንደ ፈረስ ኮቴ ይታጠፋል። ብየዳው ውስጡ ድረስ ከዘለቀ ብረቱ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል፤ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ይሰነጠቃል። አንድ ልጅ የተሰነጠቀውን ቁራጭ ይዞ ወደ መስኮቱ ተጠጋና በብርሃን ሲያገላብጠው አየሁት። አልተቆጣም፣ ማርኩ እንዲሻሻልለት መምህሩን አልለመነም፤ ተመልሶ ጓንቱን አጠለቀ። ይህ ፈተና ፋብሪካ ውስጥም ያለ ነው፤ በየዳዎች ብቃታቸውን የሚያስመሰክሩት እንዲህ ባለ ፈተና ነው። ተማሪን ብረቱ ራሱ ሲያርመው ያየሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ኢንጂነሪንግ የተማርኩት ጀርመን አገር ነው። እዚያ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ፋብሪካ ገብቶ ለሳምንታት በእጁ መሥራት አለበት። እኔም ከአገሬ በከፍተኛ ነጥብ ተመርቄ የሄድኩት ሰውዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ የብረት ቁራጭ በሞረድ ስሞርድ ከረምኩ። አለቃችን ካሊፐሩን አስጠግቶ ያይና «እንደገና» ይላል። በልቤ ረገምኩት። ኋላ ግን እዚህ አሜሪካ ሥራ በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ በየዳ ንድፌን ይዞ መጥቶ «ኢንጂነር፣ እዚህ ጥግ ላይ እጄ አይገባም፤ የት ገብቼ ልበይደው?» ሲለኝ የጀርመኑ አለቃ ትዝ አለኝ። ጀርመኖች በ2012 የእጅ ሙያ ሊቅነትን፣ እነሱ ማይስተር የሚሉትን፣ በብቃት ደረጃ ከባችለር ዲግሪ ጋር እኩል አስቀምጠውታል። (የሚያስቀና ብቻ አይደለም፤ እዚያው አገር አብዛኛው ክፍለ ግዛት ልጆችን ገና በአሥር ዓመታቸው በየመስመሩ ይለያያል። የአሥር ዓመት ልጅ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?)

ታዲያ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ቅጹን እዚያው ፈርሜ ለምን አልሰጠሁም?

አንደኛው ምክንያት ያሳፍራል፤ ቢሆንም ልናገረው። ያደግነው ባለእጅ በሚሰደብበት አገር ነው። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ የሚሉት የሥራ መጠሪያዎች በእኛ ልጅነት ስድብ ነበሩ። ማረሻውን የሠራልን ሰው «ዓይኑ ይበላል» ተብሎ ይፈራ ነበር። አጼ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እኛ ግን በሚነሶታ ሳሎናችን ተቀምጠን ብየዳ በምትል ልጅ ሳቅን። ገበሬውንስ ቢሆን በቃል እናከብረዋለን እንጂ ልጃችን ገበሬ እንዲሆን ማን ይመርቃል? የእኔ አባት እርፉን ከእጄ ነጥቆ ደብተር ያስያዘኝ ሰው ነው። የልጅ ልጁ ወደ በረት ልትመለስ ነው ብዬ ምን አፍ አለኝ?

ሁለተኛው ምክንያት ግን ንቀት አይደለም፤ በዚህ ላይ ራሴን አልወቅስም። ልጄ በአሜሪካ ጥቁር ልጅ ናት። በዚህ አገር ጥቁርን ልጅ «አንተ የእጅ ሙያ ይሻልሃል» የማለት ረጅም ታሪክ አለ። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1881 በአላባማ የተመሠረተውን ተስኪጊን ሲመሩ፣ ነጻ የወጣው ሕዝብ በእርሻና በእጅ ሙያ ራሱን ይቻል፣ ሌላው ኋላ ይመጣል የሚል መንገድ ያዙ። ዊልያም ዱ ቦይስ ደግሞ ይህ መንገድ የአንድን ሕዝብ ልጆች ከከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ የሚመልስ ነው ብለው ተሟገቱ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ግን ዩኒቨርሲቲ እየከለከለ ተስኪጊን የሚያሞግሰው የደቡብ ባለሀብት የፈለገውን ያውቅ ነበር። በ1917 የወጣው የስሚዝ ሂዩዝ ሕግ ለእርሻና ለሙያ ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ ሲመድብ አስተዳደሩም መምህሩም ከመደበኛው ትምህርት የሚለይበትን መንገድ ከፈተ። ጆን ዱዊ ገና ከጅምሩ ልጆችን ለሁለት አትክፈሉ ብሎ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

የገጠር ልጆች የእርሻ ማኅበር የሆነው ኤፍ.ኤፍ.ኤ. በ1928 ካንሳስ ሲቲ ሲመሠረት፣ ዘር በሚለያይባቸው የደቡብ ትምህርት ቤቶች የነበሩ ጥቁር ልጆች የራሳቸውን ማኅበር ማቋቋም ነበረባቸው፤ ያም በ1935 ብሔራዊ ሆነ። ሁለቱ የተዋሃዱት በ1965 ነው። ሴቶች ልጆች በብሔራዊ ደረጃ ሙሉ አባል የሆኑት በ1969 ነው። ዛሬ አባላቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ያቺ ሰማያዊ ጃኬታቸውም ልጄ ሄደን ስናይ ዓይኗን ያሳረፈችባት ናት። በ1968 ተማሪ ብትሆን ኖሮ በብሔራዊ ደረጃ ሙሉ አባል ልትሆን አትችልም ነበር።

አሁን ደግሞ ወቅቱ የሙያ ወቅት ሆኗል። የኮሌጅ ዕዳ ሕዝቡን አስመርሯል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቢሮውን ሥራ ሊውጠው ነው የሚለው ፍርሃት ተጨምሯል። በ2025 የጸደፈው ትልቁ የበጀት ሕግ የፔል የተማሪ ዕርዳታ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁ አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎች እንዲውል ፈቅዷል። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የሙያ ተለማማጆች ይኑሩ የሚል ትእዛዝ ፈርመዋል። ሪፐብሊካኑም ዲሞክራቱም በዚህ ነገር ይስማማሉ። በእርሻውም በኩል ቢሆን፣ በ2022 በተደረገው የግብርና ቆጠራ የአሜሪካ አምራች ገበሬ አማካይ ዕድሜ 58.1 ዓመት ነበር። ተተኪ ያስፈልጋል። እኔ ግን ሁሉም ባንድ ድምፅ «ሙያ! ሙያ!» ሲል የሚታየኝ ነገር አለ። ይህን የሚሉት ሰዎች የራሳቸውን ልጆች የት ያስተምራሉ?

ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። በአይዳሆ ካልድዌል ከተማ በ2019 የተከፈተው ኤሌቬት አካዳሚ ቻርተር ነው፤ የተቋቋመው በመደበኛው ትምህርት ወደ ኋላ ለቀሩና ሊያቋርጡ ለተቃረቡ ልጆች ሲሆን በሙያ ይይዛቸዋል። እዚህ በሴንት ፖል ሰሜናዊ ዳርቻ ቫድኔስ ሃይትስ ያለው የሳይንስና የእርሻ አካዳሚ በ2001 ሲጀመር ደግሞ እርሻን እንደ ሳይንስ ይዞ ነው። ቻርተር ባይሆንም በ1985 የተከፈተው የቺካጎ የእርሻ ሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በከተማው ክልል ውስጥ 72 ኤከር እርሻ አለው፤ ከዚያ የሚወጡት አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ኮሌጅ ይገባሉ። አንዱ የወደቀውን ያነሣል፣ ሌላው የሚወደውን ይዞ የመጣውን ያሳድጋል። ሁለቱም የተባረከ ሥራ ነው። ነገር ግን በራቸው ላይ የተጻፈው ቃል ተመሳሳይ ነው፤ ወላጅ መለየት ያለበት ልጁ ገብቶ በየት በኩል እንደሚወጣ ነው።

ይህን ጥያቄ በዚህ መልክ ያቀረበልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። አገር ቤት፣ ጎጃም ውስጥ በአንድ ወረዳ ይኖራል። በስልክ ነገሩን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ጋሼ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባት ትችላለች?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

የወንድሜን ታሪክ የማያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይረዳውም። በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ተማሪውን አሥረኛ ክፍል ላይ ይለየው ነበር፤ ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣው ወደ ቴክኒክና ሙያ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት 25 ያህል የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ባንድ ጊዜ አስነሣ፤ መምህር ስላልበቃ ከቻይና ጭምር መጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ60,000 በላይ የልማት ሠራተኞች ሠለጠኑ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ የሚያምር ነበር፤ በየቀበሌው ሦስት ባለሙያ፣ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። ወንድሜ የእንስሳቱ ነው። ሦስት ዓመት ሲማር ስለ ላም በጥቁር ሰሌዳ ብዙ ጻፈ፤ ላሟን የነካት ጥቂት ቀን ነው። ላም የሚያውቀው ከአባታችን ቤት ነው። ሥራ ሲይዝ ደግሞ ማዳበሪያ አከፋፋይ፣ ብድር ሰብሳቢና ስብሰባ ጠሪ ሆነ፤ ገበሬው ሲያየው መንገድ ይቀይር ጀመር። ዲግሪ ልቀጥል ሲል ዓመታት በሩ ላይ ቆመ፤ ተራውን ያገኘው ፀጉሩ ሽበት ካወጣ በኋላ በክረምት ትምህርት ነው። ወንድሜ ሰነፍ አልነበረም። ሥራውንም አይጠላም። የሚያቃጥለው ወደ እርሻ የተላከው በእርሻ ስለሚወደው ሳይሆን ስለወደቀ መሆኑ፣ ይህንንም ሁሉም ማወቁ ነው።

አሠራሩ ኋላ ተለውጧል። ጥያቄው ግን አለ። በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ብዙኃኑ አሁንም ከመስመሩ በታች ነው። «የቀሩት ሙያ ይማሩ» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ወንድሜ የሰማው ያው አነጋገር ነው። ሙያ የቀሪዎች ዕጣ ተብሎ እየተሰጠ እንዴት ይከበራል?

እንዲህ ብቻ ነበር እንዳይባል ደግሞ የራሳችን ሌላ ምሳሌ አለን። የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው ነበር፤ ኋላ የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ መርሐ ግብር የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ፤ በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በጀመሩት መንገድ በ1952 ስምምነት ተፈርሞ፣ ጅማ ላይ የእርሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ዓለማያ ላይ የእርሻና የመካኒክ ጥበባት ኮሌጅ ቆመ። የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1968 ቆዩ። የኮሌጁ ትምህርት የተጀመረው እዚያው ጅማ፣ በሁለተኛ ደረጃው ግቢ ውስጥ ነው፤ ማለትም የአንዱ በር የሌላው መግቢያ ነበር። በጭቃ ጎጆ ተወልደው ያደጉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በዚያ በር አለፉ፤ ከጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ፣ ከዓለማያ ወደ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የእርሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ «የቀረ» ብሎ የጠራቸው የለም።

እንግዲህ ወደዚህችው ትንሽ ትምህርት ቤት ልመለስ። ወንድሜ ካነቃኝ በኋላ እንደገና ሄድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ፍየሎቹን ሳይሆን መዝገቡን ለማየት። ሒሳብ እስከ የት ድረስ ይሰጣል? ካልኩለስ በየዓመቱ አይከፈትም፤ ተማሪ ሲበቃ ነው። ነገር ግን በሚነሶታ ከ1985 ጀምሮ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ ገብቶ ኮርስ መውሰድ ይችላል፤ ከዚች ትምህርት ቤትም በዚህ የሚጠቀሙ አሉ። ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ስንቱ የት ገባ? ርእሰ መምህርቷ ወረቀቱን ሳትደብቅ አሳየችኝ። አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቹ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ አንዳንዶቹ ደመወዝ እየተከፈላቸው የኤሌትሪክ ሠራተኛ ተለማማጅ፣ አንዳንዶቹም «አይታወቅም» በሚል ዓምድ ሥር። ይህን የመጨረሻውን ዓምድ ማሳየቷን ወደድኩላት።

ድክመቷም አለ፤ ድክመቷም ከትንሽነቷ ይመጣል። ገንዘብ የሚመጣው በተማሪ ራስ ስለሆነ ሃያ ልጅ ከጎደለ አንድ መምህር ይጎድላል። የአካባቢው ሕዝብ ለመደበኛ ትምህርት ቤቶች በድምፁ የሚያጸድቀው የንብረት ግብር ለቻርተር አይደርስም። የመንግሥትን ገንዘብ ለሕንጻ መግዣ ማዋል አይፈቀድላትም፤ ኪራዩን ነው መንግሥት የሚደጉመው፣ እሱም ጣሪያ አለው። የብየዳ ክፍል ደግሞ እንደ ታሪክ ክፍል አይደለም፤ ጋዝ፣ ብረት፣ አየር ማውጫ፣ ኢንሹራንስ ይፈልጋል፤ በአንድ መምህር ፊት ሠላሳ ልጅ ማቆም አይቻልም። ፍየሎቹም ቢሆኑ ቅዳሜና እሑድ ይበላሉ። ከሁሉ የሚብሰው የመምህሩ ጉዳይ ነው፤ እንደ እሱ የሚበይድ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ከመምህር ደመወዝ የተሻለ ያገኛል። ርእሰ መምህርቷን «ይህ ሰው ቢሄድባችሁስ?» ብላት ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። ስለዚህ በየቦታው መቶ እንደዚህ ያለ ትምህርት ቤት ባንድ ዓመት እንክፈት የሚል ፖለቲከኛ ሲነሣ ወንድሜንና ሃያ አምስቱን ኮሌጆች አስባለሁ። በዚች ትምህርት ቤት ያየሁት መልካም ነገር ሁሉ፣ የታጠፈው ብረትም ቢሆን፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ለጥቂት ልጆች ጊዜ ስላለው የሆነ ነው።

ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ወስና ነበር። «አንተ ከእርሻ ሸሽተህ መጥተህ ነው፤ እሷ ግን ከምንም አልሸሸችም» አለችኝና ብዕሩን ሰጠችኝ። በየካቲት ፈረምኩ። አንድ ነገር ግን ከልጄ ጋር ተስማማን፤ ሒሳብ አታቋርጥም፣ ትምህርት ቤቱ ካልከፈተው ኮሌጅ ሄዳ ትወስዳለች። እጇን ሰጥታኛለች።

ዕጣው በመጋቢት ወጣ። ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ዘጠነኛ ናት፤ በየዓመቱ አሥርና አሥራ አምስት ልጅ ስለሚቀር ትገባለች ይሉናል። ባለፈው ሳምንት ርእሰ መምህርቷ ደውላ ነበር፤ ስለ ዕጣው መስሎኝ ልቤ ዘለለ። የብየዳው መምህር ሊለቅ መሆኑን ነገረችኝ፤ እስኪተካ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ማታ የንድፍ አነባበብ ላስተምር እንደምችል ጠየቀችኝና እሺ አልኳት። ቀጥላም መበየድ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልችልም።